ስለ ጄ-20 ስናወራ ፋብሪካውን እንረሳዋለን

የዛሬው ትንሽ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ሰሞኑን ለቤተሰብ ጉዳይ አሊዩ አምባ ወርጄ ነበር። መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ከአንኮበር ቁልቁል ሲወረድ ጋቢው ትከሻ ላይ ይከብዳል፣ ትንሽ ቆይቶ ቆላው ፊት ላይ ይነፍሳል። ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ሳለ ከጎኔ ሦስት ወጣቶች አንድ ስልክ ላይ ተደፍተው ቪዲዮ ያያሉ። ግራጫ ጄት አፍንጫውን ወደ ሰማይ ቀስሮ ሽቅብ ይወጣል፣ በጀርባው ይገለበጣል፣ ሆዱን ከፍቶ ሚሳኤሎቹን ያሳያል። ከሥሩ በትልልቅ ፊደል «ኢትዮጵያ የቻይናውን ጄ-20 ልትታጠቅ ነው» ተብሎ ተጽፏል። አንደኛው ልጅ አወቀኝና «ጋዜጠኛው፣ ይሄ ነገር የእውነት ነው እንዴ?» አለኝ።

ውሸት ነው አልኩት። ቻይና ጄ-20ን ለማንም ሸጣ አታውቅም። የቅርብ ወዳጇ ለሆነችው ፓኪስታንም አልሸጠችም። ለውጭ ገበያ የምታቀርበው ሌላውን፣ ጄ-35 የሚባለውን ነው። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2025 የፓኪስታን መንግሥት ቻይና 40 ጄ-35 ልትሸጥልኝ ሐሳብ አቀረበች ብሎ ማስታወቁ ይታወሳል። ጄ-20 ግን ከቻይና አየር ኃይል ውጭ ባለቤት የለውም።

ልጆቹ ትንሽ ቅር አላቸው። ከማዶ ተቀምጠው የነበሩ አንድ አባት ግን ወደ ስልኩ ጠጋ ብለው አዩና «ልጄ፣ የዚህኛው ድምፁ እንደዚያኛው ነው?» አሉኝ። «የትኛው አባባ?» ስላቸው መልስ ሳይሰጡ ጣታቸውን ወደ ላይ ቀሰሩ። ድሮኑን ማለታቸው ነው።

እኔ የወታደራዊ ቴክኖሎጂ ምሁር አይደለሁም። የልጆቹ ጥያቄ ቢሆን ኖሮ «ሐሰተኛ ዜና ነው» ብዬ ሁለት መስመር ለጥፌ ባለፍኩ ነበር። ይህን ሁሉ ያጻፈኝ የሳቸው ጥያቄ ነው። ለምን እንደሆነ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ፤ መጀመሪያ ስለ አውሮፕላኑ እናውራ።

ጄ-20 ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው እ.ኤ.አ. ጥር 11 ቀን 2011 ቼንግዱ ከተማ ላይ ነው። ቀኑ ያለ ነገር አልተመረጠም ይባላል፤ የአሜሪካው መከላከያ ሚኒስትር ሮበርት ጌትስ በዚያው ዕለት ቤጂንግ ነበሩ። ከዚያ በፊት የአሜሪካ ባለሥልጣናት ቻይና እንዲህ ያለ አውሮፕላን ቶሎ አይኖራትም እያሉ ይናገሩ ነበር። በ2016 ዡሃይ ላይ በሚካሄደው የአየር ትርኢት ለሕዝብ ታየ፣ በ2017 አገልግሎት ላይ መዋሉ ተነገረ፣ በ2018 መጀመሪያ ለተዋጊ ክፍሎች መሰጠት ጀመረ።

ቁመቱ 21 ሜትር ገደማ ነው። እኛ የምናውቀው ሚግ-21 ከጎኑ ቢቆም ታናሽ ወንድሙ ይመስላል። ከፊት፣ ከአብራሪው ክፍል ኋላ፣ ሁለት ትንንሽ ተንቀሳቃሽ ክንፎች አሉት፤ ካናርድ ይባላሉ። ያን ሁሉ ክብደት ይዞ አፍንጫውን ቶሎ ወደ ላይ የሚያነሳው በእነሱ ነው። በቪዲዮው ላይ ልጆቹን ያስጨበጨበው መገለባበጥም ግማሹ የካናርዶቹ ሥራ ነው። መሣሪያውን በሆዱ ውስጥ ይደብቃል፣ ገላው በሹል ማዕዘን የተቆረጠ ነው፣ ላዩ የራዳር ሞገድ በሚውጥ ቀለም ተለቅልቋል። በጨለማ ባትሪ ስታበሩ መስታወት ፊት ለፊት ከገጠማችሁ ብርሃኑ ዓይናችሁን ይወጋችኋል፤ መስታወቱ ዘንበል ካለ ግን ብርሃኑ ወደ ሌላ ይሄዳል፣ እናንተም መስታወት መኖሩን ላታዩ ትችላላችሁ። ስቴልዝ የሚሉት ነገር በአጭሩ ይኸው ነው። አይጠፋም፤ ዘግይቶ ነው የሚታየው።

በየቻናሉ «ጄ-20 ይበልጣል ወይስ ኤፍ-22?» እየተባለ የሚደረገው ክርክር መገለባበጥ ላይ ነው የሚያተኩረው። ማን ቶሎ ይዞራል፣ ማን ጠባብ ክብ ይሠራል። እውነቱን ለመናገር በዚህ ኤፍ-22 የሞተሩን ጭስ ወደ ላይና ወደ ታች ማዞር ስለሚችል ብልጫ አለው የሚሉ ብዙ ናቸው። ነገር ግን የአየር ትርኢት ላይ ያለ ጭነት፣ በግማሽ ነዳጅ የሚደረግ ጭፈራ ስለ ጦርነት የሚነግረን ጥቂት ነው። ዛሬ አብራሪ ጠላቱን በዓይኑ ሳያይ ነው የሚተኩሰው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2025 ሕንድና ፓኪስታን ለአራት ቀን ሲጋጩ የሆነውን አስታውሱ። የፓኪስታን ጄ-10ሲ አውሮፕላኖች ፒኤል-15 የሚባል ረጅም ርቀት ሚሳኤል ይዘው ነበር። ፓኪስታን በርካታ የሕንድ ጄቶችን ጣልኩ አለች፤ ሕንድ ቁጥሩን ባትናገርም አውሮፕላን ማጣቷን የጦር ኃይሏ ኤታማዦር ሹም በወሩ መጨረሻ አመኑ። ጄ-10ሲ የሚሠራው ቼንግዱ ነው፤ ጄ-20 የሚሸከመውም ያንኑ ሚሳኤል ነው።

እ.ኤ.አ. በ2022 የአሜሪካ አየር ኃይል የፓስፊክ አዛዥ የነበሩት ጄኔራል ኬኔት ዊልስባክ ኤፍ-35ዎቻቸው ምሥራቅ ቻይና ባሕር ላይ ከጄ-20 ጋር በቅርብ ርቀት እንደተገናኙ ተናግረው ነበር። ምን ዓይነት አድናቆት እንዳሳደረባቸው ሲገልጹ ስለ መገለባበጡ አላወሩም። ያነሱት የቻይናዎቹን የዕዝና ቁጥጥር ሥርዓት ነው። ማለትም አውሮፕላኑን ከመሬትና ከሌሎች አውሮፕላኖች ጋር የሚያገናኘውን፣ «ግራ ሂድ፣ እዚህ ጠብቅ» የሚለውን ድርጅት። ሥራው ውስጥ ያለ ሰው የሚያየው ሌላ ነው ማለት ነው።

አሁን ወደ ፋብሪካው። እኔን የያዘኝ እሱ ነው።

ጄ-20 መጀመሪያ ሲበር ሞተሩ የቻይና አልነበረም። ኤኤል-31 የሚባለው የሩሲያ ሞተር ነበር። አስቡት፤ ዓለምን ያስደነገጠው አውሮፕላን ልቡ ከሞስኮ የተገዛ ነው። ሩሲያ ብታኮርፍ መሬት ላይ ይቀር ነበር። ከዚያ ደብሊውኤስ-10ሲ የሚባለው የራሳቸው ሞተር ተተካ። ለአውሮፕላኑ ከመጀመሪያው የታሰበው ደብሊውኤስ-15 ግን ገና በ2023 አካባቢ ነው በጄ-20 ላይ ሲሞከር የታየው። ከመጀመሪያው በረራ አሥራ ሁለት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

የጄት ሞተር ለምን እንዲህ ያስቸግራል? ሞተሩ ውስጥ የሚሽከረከሩት ምላጮች የሚያልፍባቸው ጋዝ እነሱ የተሠሩበት ብረት ከሚቀልጥበት ሙቀት በላይ ነው። እንዳይቀልጡ እያንዳንዱ ምላጭ ከአንድ ክሪስታል ተቀርጾ፣ ውስጡ እንደ መርፌ ቀዳዳ በቀጫጭን ቱቦዎች ተበስቶ፣ ቀዝቃዛ አየር እየነፈሰበት መሥራት አለበት። ይህን የሚችሉ አገሮች በአንድ እጅ ጣት ይቆጠራሉ። ሥዕሉን ብትሰርቅ፣ ሞተሩን ፈተህ ብታየው አይሆንልህም። ብረቱን በምን ሙቀት፣ ለስንት ሰዓት፣ እንዴት እንደሚያቀዘቅዙት የሚያውቀው ሠላሳ ዓመት ምድጃው ፊት የቆመው ሠራተኛ ነው።

ቻይና በ1950ዎቹ ሼንያንግ ላይ የሶቪየትን ሚግ-17 እየቀዳች ነው የጀመረችው። ከዚያ ሚግ-21ን ቀዳች። የቼንግዱ ፋብሪካ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1958 ነው። ለአሥርት ዓመታት የሠራው የሌላ ሰው ሥዕል ነበር፤ ዓለምም ይስቅበት ነበር። ጄ-10 ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው በ1998 ነው፣ በፋብሪካው 40ኛ ዓመት። ጄ-20 በ53ኛ ዓመቱ። ዛሬ አውሮፕላኑ እንደ መኪና በሚንቀሳቀስ መስመር ላይ እየተገጣጠመ ነው የሚወጣው። የምዕራባውያን ተንታኞች ግምት በዓመት ወደ 100 ወይም ከዚያ በላይ ይደርሳል ይላል። አምስቱም የቻይና ዕዞች ጄ-20 ደርሷቸዋል። ባለ ሁለት መቀመጫው ጄ-20ኤስም እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 ቤጂንግ በተደረገው ሰልፍ ላይ አልፏል፤ ከኋላ የሚቀመጠው ሰው ሥራ ምናልባት አብረው የሚበሩ ድሮኖችን ማዘዝ ሳይሆን አይቀርም እየተባለ ይገመታል።

አሜሪካስ? ኤፍ-22ን በ187 ተዋጊዎች አቁማ መስመሩን በ2011 ዘጋችው። ዕቃውን አሽጋ አስቀመጠች። በኋላ «እንደገና እንክፈተው?» ተብሎ ሲጠና 194 አውሮፕላን ለመሥራት 50 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ይጠይቃል ተባለ። ተዉት። የዓለም ሀብታሟ አገር፣ ራሷ የሠራችውን አውሮፕላን፣ አሥር ዓመት ሳይሞላ እንደገና መሥራት አቃታት ማለት ይቻላል። ሠራተኛው ተበትኗል፣ ዕቃ አቅራቢው ሌላ ሥራ ጀምሯል። ፋብሪካ ከቆመ ይረሳል፤ እንደ ቋንቋ ነው።

እንግዲህ ይህን ይዘን ወደ ሰፈራችን እንመለስ። አሊዩ አምባ ስለ ጦር መሣሪያ የሚወራባት እንግዳ ቦታ እንዳትመስላችሁ። ከታጁራ ተነስቶ አፋርን አቋርጦ ወደ ሸዋ የሚገባው የሲራራ ነጋዴ ማረፊያዋ እሷ ነበረች። ጨው፣ ቡና፣ ጨርቅ፣ ባሪያም ጭምር በዚያ ገበያ አልፏል። ጠመንጃም አልፏል። እ.ኤ.አ. በ1841 የእንግሊዙ መልእክተኛ ካፒቴን ሃሪስ ለንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ገጸ በረከት ብሎ መድፍና ጠመንጃ ይዞ የመጣው በዚሁ መንገድ ነው፤ አሊዩ አምባ አርፎ ነው አንኮበር የወጣው። ንጉሡ መድፉ ሲተኮስ አይተው ተደነቁ። በዚያው ኅዳር ውል ተፈረመ።

ከ46 ዓመት በኋላ፣ በ1887፣ ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ ሁለት ሺህ ገደማ ያረጁ ጠመንጃዎች በግመል ጭኖ አንኮበር ደረሰ። ምኒልክን አንኮበር አላገኛቸውም፤ እንጦጦ ድረስ መሄድ ነበረበት። ምኒልክ ሐረርን ይዘው፣ የማረኩትን መሣሪያ ይዘው ሲመለሱ ነው የተገናኙት። እንደ ነጋዴ ተከራክረው ዋጋውን አወረዱበትና ገጣሚው እያለቀሰ ሊባል በሚችል ሁኔታ ተመለሰ። (ምኒልክ ዛሬ ቢኖሩ የመከላከያ ግዢ ክፍል ኃላፊ ባደርጋቸው ደስ ይለኛል።)

የእኛ አገር የመሣሪያ ታሪክ አብዛኛው የዚህ መንገድ ታሪክ ነው። መሣሪያው ይመጣል፣ እንደነቃለን፣ እንዋጋበታለን። ባሩዱ፣ ጥይቱና መለዋወጫው ግን ሌላ ግመል ላይ ነው፤ ያ ግመል የሚመጣው ደግሞ ሻጩ ሲፈልግ ነው። ይህን ቀድሞ የገባው ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸው፤ ጋፋት ላይ ሚስዮናውያኑን «መድፍ ሥሩልኝ» ብለው የያዟቸው ለዚህ ነበር። ሴባስቶፖል ዛሬም መቅደላ ላይ ተጋድሞ አለ። ከሴባስቶፖል በኋላ ግን ጋፋት ቀጣይ መድፍ አልሠራም። ቼንግዱ ከመጀመሪያው ቅጂ በኋላ ሁለተኛውን ሠራ፣ ሦስተኛውን ሠራ፣ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ሳያቋርጥ ሠራ። ልዩነቱ ለኔ እዚህ ነው የሚታየኝ።

አየር ኃይላችንን እንኳ ብናይ። በ1969 ሶማሊያ ስትወረን የያዝነው ጥቂት ኤፍ-5 ነበር፤ እነሱ ሚግ-21 ነበራቸው። በሰማይ ላይ የበላይነቱን የያዝነው እኛ ነን። እነ ለገሠ ተፈራ ያደረጉትን የማያውቅ የለም፤ እሳቸውም ተመትተው ወድቀው አሥራ አንድ ዓመት ሶማሊያ ውስጥ ታስረዋል። ያን ጊዜ ያሸነፈው ከአውሮፕላኑ በላይ ለዓመታት ደብረ ዘይት ላይ የተገነባው ሥልጠና፣ የአብራሪው ሰዓት፣ የመሬት ቴክኒሻኑ እጅና የካራማራው ራዳር ነበር። ነገር ግን በዚያው ዓመት አሜሪካ ፊቷን አዙራለች። መለዋወጫ የለም። ሶቪየት መጣች፣ ሚግ መጣ፣ አብራሪው በሩሲያኛ እንደገና ተማረ፣ የኤፍ-5 ዘመን አለፈ። አንድ ትውልድ ያካበተውን ዕውቀት በአንድ የዲፕሎማሲ ኩርፊያ ከግማሽ በላይ መጣል ምን ያህል እንደሚያስከፍል አስሉት።

በ1983 መንግሥት ሲቀየር ደግሞ አየር ኃይሉ ራሱ ተበተነ። አብራሪ ታሰረ፣ ተሰደደ፣ ታክሲ ነዳ። በ1990 የኤርትራ ጦርነት ሲፈነዳ ያንኑ የተበተነ ሰው ፍለጋ ተወጣ። ኮሎኔል በዛብህ ጴጥሮስ አንዱ ናቸው፤ ሚግ-23 ይዘው አስመራ ላይ ተመትተው ለሁለተኛ ጊዜ ተማረኩ። እስከ ዛሬ አልተመለሱም። በዚያው ጦርነት ሱኮይ-27 ተገዝቶ መጣ፣ በየካቲት 1991 የኤርትራን ሚግ-29 መትቶ ጣለ። ለሱኮዩም ለሚጉም የተከፈለው ገንዘብ የሄደው ወደ አንድ አገር ነው። ነጋዴው በሁለቱም በኩል አተረፈ።

ዛሬም በጥር 2016 ቢሾፍቱ ላይ ሱኮይ-30 ተረከብን፣ ፎቶ ተነሳን። አልቃወምም። ቀይ ባሕር እየተጋለ ባለበት ሰዓት ባዶ ሰማይ ይዞ መቀመጥ አይቻልም፤ ይህን የሚክድ ሰው የጎረቤታችንን ጠባይ የረሳ ነው። ግን በየስብሰባውና በየቻናሉ «ቀጣዩስ? አምስተኛው ትውልድስ?» የሚለው ምኞት ያስጨንቀኛል። ኤፍ-35 አንድ ሰዓት ለመብረር ከ30 ሺህ ዶላር በላይ ይፈጃል። ጄ-35 ርካሽ ነው ብንል እንኳ ግማሹን ያስወጣ። ላዩ የተቀባው ቀለም በዝናብና በአቧራ ሲላጥ የሚጠገነው ሙቀቱ በተመጠነ ልዩ ሀንጋር ውስጥ ነው። ከሱ ጋር በሰማይ የሚዞር ራዳር የተሸከመ አውሮፕላን፣ ነዳጅ በአየር ላይ የሚሰጥ አውሮፕላን፣ የመረጃ መረብ ያስፈልጋል። ፓኪስታን እንኳ ከጄ-35 ጋር የቀረበላት ኬጄ-500 የሚባለው ባለ ራዳር አውሮፕላንና የአየር መከላከያ ሚሳኤል ጭምር ነው፤ ብቻውን ቢመጣ ምን ይሠራል? ብቻውን የሚገዛ ስቴልዝ ጄት ሠርግ ላይ ብቻ እንደሚለበስ ካባ ነው።

አሁን ወደ አባባ ጥያቄ ልመለስ። «ድምፁ እንደዚያኛው ነው?»

አይደለም፤ ድምፁ አይገናኝም። ጄ-20 ሰማይ ይቀዳል፤ ድሮኑ ግን ከሩቅ እንደሚሰማ ወፍጮ ያለማቋረጥ ያጉረመርማል። ግን ዘመዳሞች ናቸው። በ2014 የመጀመሪያ ወራት ከቢሾፍቱ ሐረር ሜዳ በወጡ የሳተላይት ምስሎች ላይ ከታዩት ድሮኖች መካከል ዊንግ ሉንግ የሚባለው የቻይና ሥሪት አለበት። ዊንግ ሉንግን የነደፈው ጄ-20ን የነደፈው የቼንግዱ ተቋም ነው። አንድ ቤት ናቸው። ታላቁ አይሸጥም፣ ታናሹ ይሸጣል። ልጆቹ በስልክ ሲመኙት የነበረው ቤት ልጁን ከልኮልን ቆይቷል።

የይፋት ሰው ደግሞ ይህን በሁለት ፊቱ ያውቀዋል። በኅዳር 2014 ሸዋ ሮቢት በጦርነቱ ስትያዝ ሰው ልጁን በጀርባው አዝሎ፣ የደረሰ ማሽላውን ትቶ ወጥቷል። ኅዳር 22 ከተማዋ ተለቀቀች ሲባል፣ ያን ጊዜ ከደብረ ብርሃን መጠለያ ሆኖ ስለ ድሮን ሲወራ ያላጨበጨበ ማን ነበር? እኔም አጨብጭቤያለሁ፤ የጻፍኩት አለ፣ አልሰርዘውም። ያ ድሮን የጦርነቱን አቅጣጫ ከቀየሩት ነገሮች አንዱ መሆኑን አሁንም አምናለሁ።

ከ2015 ክረምት በኋላ ግን ያው ድምፅ በራሳችን ክልል ሰማይ ላይ ሌላ ትርጉም ያዘ። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንና የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ጽሕፈት ቤት በአማራ ክልል በድሮን ጥቃት ሲቪሎች መሞታቸውን በሪፖርቶቻቸው መዝግበዋል። በየካቲት 2016 እዚሁ ሰሜን ሸዋ፣ ሳሲት አካባቢ፣ ሰው የጫነ መኪና ላይ የደረሰው አንዱ ነው። አባባ ጣታቸውን ወደ ላይ ሲቀስሩ የቀሰሩት ወደዚህ ሁሉ ነው። ገበያ ሲሄዱ፣ ለቅሶ ሲቀመጡ፣ ሰው ሲሰበሰብ ቀና ብሎ ማየት ልማድ ሆኗል።

«መሣሪያው ምን በደለ፣ ያዘዘው ነው እንጂ» የሚለኝ ይኖራል። ልክ ነው፤ የኔም ነጥብ ከዚያ ሩቅ አይደለም። የውጭ ጄኔራል ጄ-20ን ሲያይ ያደነቀው የዕዝ ሥርዓቱን ነው ብያችኋለሁ። ማን ያዛል፣ ማን ያረጋግጣል፣ ሲሳሳት ማን ይጠየቃል የሚለው የአውሮፕላን አካል ነው፤ እንደ ሞተሩ። እኛ አገር ከመሣሪያው ጋር ይህ አይገዛም፤ እኛው ነን መሥራት ያለብን። እስካሁን ስለ ሳሲትም ሆነ ስለ ሌሎቹ «እንዲህ ሆነ፣ ይህ ሰው ተጠየቀ» ተብሎ ለሕዝብ የቀረበ ነገር አላየሁም። ሞተር መሥራት 50 ዓመት ይፍጅ፤ ይሄኛው ግን ምድጃም ክሪስታልም አይፈልግም።

ስለ ማምረት ካነሳን ደግሞ፣ በየካቲት 2017 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ስካይዊን የሚባል የድሮን ፋብሪካ መርቀዋል። ብዙ ሰው አላገጠ፤ «ገጣጥመው ነው» አለ። እኔ አላገጥኩም። ቻይናም የጀመረችው በመገጣጠም ነው፤ ቼንግዱም ተስቆበታል። የምጠይቀው ሌላ ነው። ሞተሩ ከየት ነው? ካሜራውስ? ከአሥር ዓመት በኋላ ስንቱ ዕቃ እዚህ ይሠራል? ዛሬ እዚያ የገባው ወጣት መሐንዲስ ደመወዙ አንሶት ዱባይ ሲሄድ ማን ይተካዋል? ሪባን የተቆረጠበትን ቀን ሁሉም ያስታውሳል። ሁለተኛውን ሞዴል የሚያስታውስ ሲኖር ነው ፋብሪካ ነው የምለው።

ተስፋ የለንም እያልኩ አይደለም። ቦሌ የአየር መንገዱ ጥገና ማዕከል ውስጥ የጄት ሞተር ፈትቶ የሚገጥም፣ የሌሎች አገሮችን አውሮፕላን ተቀብሎ የሚጠግን ኢትዮጵያዊ ቴክኒሻን አለ። ቢሾፍቱ ደጀን አቪዬሽን ያረጀ ሚግና ሄሊኮፕተር እያደሰ ያበረረ እጅ አለ። እነዚህ ሰዎች ቪዲዮ የላቸውም፣ ሙዚቃ አይቀናበርላቸውም። ለአንድ ስቴልዝ ጄት የምናወጣው ገንዘብ ስንት እንዲህ ያለ ሰው እንደሚያሠለጥን ሒሳቡን ሠርቶ ፓርላማ ላይ የሚያቀርብ ባለሥልጣን ባገኝ፣ የሚቀጥለውን ጽሑፌን ለሱ ምስጋና አውለዋለሁ።

ሻይ ቤቱ ውስጥ ይህን ሁሉ አላወራሁም፤ ግማሹን እንኳ አላልኩም። ለአባባ «ድምፁ ይለያል፣ ግን የሚሠራቸው ቤት አንድ ነው» አልኳቸው። «እንዲያ በል» ብለው ሻያቸውን ጨረሱ። ስልኩን የያዘው ልጅ ግን ወጥቼ ባጃጅ ስጠብቅ ተከትሎኝ መጣ። «ጋሼ፣ ያ የሞተሩ ነገር… የት ነው የሚማሩት?» አለኝ። ቢሾፍቱ የመከላከያ ምህንድስና ኮሌጅ አለ፣ አዲስ አበባ የአቪዬሽን ዩኒቨርሲቲው አለ፣ ሜካኒካል ምህንድስና የትም አለ፤ ፊዚክስና ሒሳብ ላይ በርታ አልኩት። ስንተኛ ክፍል እንደሆነ ጠየቅኩት።

«አሥረኛ ላይ ነው ያቆምኩት» አለ። «ትምህርት ቤቱ ከተዘጋ ሁለት ዓመቱ።»

ባጃጁ መጣ። ስልክ ቁጥሬን ሰጥቼዋለሁ፤ የአሥረኛና የአሥራ አንደኛ ክፍል የፊዚክስ መጽሐፍ በፒዲኤፍ ያለው ሰው ካለ በውስጥ መስመር ይላክልኝ፣ ኔትወርክ ሲኖር አደርስለታለሁ።